ጎንደር ተቀምጦ በአሳታሚዎች ዲጂታል መጽሐፍ መማር፦ ኮዱን ከመግዛታችሁ በፊት

በውጭ አገር ኮሌጅ በኦንላይን ለመማር የተመዘገበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ኮዱን ከየት ልግዛ?» ይለኛል፤ የአሳታሚውን ዲጂታል መጽሐፍ የሚከፍተውን ኮድ ማለቱ ነው። መልሴም ሁሌ አንድ ነው፤ ገና አትግዛ።

እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ የግል ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀን መሥሪያ ቤት እውላለሁ፤ ማታና ንጋት ላይ ደግሞ አሜሪካ ካለ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አካውንቲንግ እማራለሁ። ኮርሱ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ነው። መጽሐፉ፣ የቤት ሥራው፣ ፈተናው፣ ውጤቱ ሁሉም ያለው በአሳታሚው ድረ ገጽ ውስጥ ነው። መምህሯ አልፎ አልፎ ቪዲዮ ትለጥፋለች፣ ኢሜይል ትመልሳለች። የቀረውን የሚያስተምረኝ ሲስተሙ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ዓይነት ትምህርት ያለፋችሁ ምን እንደምል ታውቃላችሁ። ለአዲሶቹ ግን ከሥር ልጀምር።

ለአሜሪካ ኮሌጆች የመማሪያ መጽሐፍ የሚያቀርቡት ትልልቅ አሳታሚዎች ከመጽሐፍ ሻጭነት አልፈው የሄዱት ድሮ ነው። ፒርሰን ማይላብ የሚባል አለው። ማግሮው ሂል ኮኔክት አለው። ሴንጌጅ ማይንድታፕ፣ ዋይሊ ደግሞ ዋይሊፕላስ አላቸው። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው ተቀራራቢ ነው። ውስጡ ዲጂታል መጽሐፍ አለ፣ ራሱ የሚያርም የቤት ሥራ አለ፣ የፈተና ባንክ አለ፣ ውጤት የሚመዘግብ መዝገብ አለ። ይኼ ሁሉ ከኮሌጁ የራሱ ገጽ ጋር ይያያዛል። የኮሌጁ ገጽ ካንቫስ ወይም ብላክቦርድ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ አገር ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ሙድልም ሊሆን ይችላል።

ለመግባት ክፍያ አለ። ክፍያው የሚረጋገጠው በኮድ ነው። ዋጋው እንደ ኮርሱ ቢለያይም ለአንድ ኮርስ 100 ዶላር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ መጠየቅ የተለመደ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 100 ዶላር ስንት ብር እንደሚመታ ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም። ለዚህ ነው አትቸኩሉ የምለው።

መጀመሪያ ሲለበሱን፣ ማለትም መምህሩ የሚሰጠውን የኮርሱን ዝርዝር መግለጫ፣ አንብቡ። አንዳንድ ኮሌጆች የዲጂታል መጽሐፉን ዋጋ ከትምህርት ክፍያው ጋር አብረው ያስከፍላሉ። «ኢንክሉሲቭ አክሰስ» ይሉታል። እንደዚያ ከሆነ ኮድ የሚባል ነገር አያስፈልጋችሁም፤ ገጹ ላይ ስትጫኑ በቀጥታ ይከፍትላችኋል። በነገራችን ላይ አልፈልግም ብሎ መውጣት ይቻላል፤ ለዚያ ግን የተወሰነ ቀን አለው። አሜሪካ ያሉ ተማሪዎች ርካሽ አማራጭ ሲያገኙ ይወጣሉ። ለእኛ ግን ይኼ አሠራር ጥሩ ነው ባይ ነኝ። የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ፍለጋ ከመንከራተት፣ ከትምህርት ክፍያው ጋር አንድ ላይ ተከፍሎ ቢያልቅ ይሻላል። የትምህርት ክፍያውን የሚከፍልላችሁ ዘመድ ወይም ስፖንሰር ካለ ደግሞ ነገሩ አለቀ።

ኢንክሉሲቭ አክሰስ ከሌለ ሁለተኛው ነገር የሁለት ሳምንት ነፃ መግቢያ ነው። ማይላብም ኮኔክትም መጀመሪያ ስትመዘገቡ ለሁለት ሳምንት ያህል ሳትከፍሉ እንድትሠሩ የሚፈቅድ አማራጭ ያቀርባሉ። ከመክፈያው ገጽ ግርጌ በትንሽ ፊደል ስለሚጻፍ ብዙ ሰው አያየውም። በዚያ ጊዜ የሠራችሁት ሥራ አይጠፋም። በኋላ በዚያው አካውንት ስትከፍሉ ይቀጥላል። ስለዚህ ኮርሱን እቀጥላለሁ ወይስ እተዋለሁ የሚለውን ሳትወስኑ ገንዘብ አታውጡ።

እዚህ ላይ አንድ የእኛ ጉዳይ አለ። የአሜሪካ የጥር ሴሚስተር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ቀጥሎ ባለው ሰሞን ነው። ያ ማለት ጥምቀት ነው። ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ መፈናፈኛ አይኖርም፣ ኔቱም ይጨናነቃል። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ባለው ጊዜ ኮድ እገዛለሁ፣ ቪዲዮ አያለሁ ብላችሁ አታቅዱ። የነፃው ሁለት ሳምንት ግን እየቆጠረ ነው። ስለዚህ ምዝገባውን ከጥር 10 በፊት ጨርሱት፤ ክፍያውን በዓሉ ካለፈ በኋላ ተረጋግታችሁ ታደርሱታላችሁ።

ኮዱን በዘመድ በኩል የምታስገዙ ከሆነ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ አንድ ቀን በደስታ ደወለችልኝ።

«አንቺ! መጽሐፍሽን ያገለገለ በርካሽ አገኘሁት። ልግዛልሽ?»

«ኮዱ ተፍቋል ወይስ አልተፋቀም?»

«የምን ኮድ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኮድ ጋር በሚሸጥ አዲስ መጽሐፍ ውስጥ የሚፋቅ ካርድ ይኖራል፤ ኮዱ ያለው እዚያ ላይ ነው። አንድ ሰው ከተጠቀመበት ለሌላ አይሠራም። ያገለገለ መጽሐፍ ስትገዙ የምትገዙት ወረቀቱን ብቻ ነው። የቤት ሥራው ደግሞ ያለው ወረቀቱ ላይ አይደለም። ስለዚህ ለዘመዶቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ከአሳታሚው ድረ ገጽ በቀጥታ መግዛት ቢወደድም ጣጣ የለውም።

ኮዱን በቴሌግራም ሲልኩላችሁ በፎቶ ብቻ አይላኩት። በጽሑፍም ይጻፉት። የፒርሰን ኮድ በሰረዝ የተለያዩ ስድስት ቃላት ስለሆነ ብዙም አያሳስትም። የኮኔክቱ ግን ሃያ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ነው። በደበዘዘ ፎቶ ላይ ዜሮንና ኦን መለየት አይን ያወጣል።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደምጠነቀቅለት ነገር ልምጣ። ወደ አሳታሚው ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገቡ በኮሌጁ ገጽ ውስጥ ባለው ሊንክ ግቡ። በጉግል ፈልጋችሁ፣ ወይም የአሳታሚውን አድራሻ ራሳችሁ ጽፋችሁ አትግቡ። ሁለቱ ሲስተሞች የሚተዋወቁት በዚያ ሊንክ ነው። በሌላ በር ገብታችሁ አካውንት ከከፈታችሁ የቤት ሥራውን ሠርታችሁ መቶ ከመቶ ብታመጡም ውጤቱ ወደ ኮሌጁ መዝገብ ላይደርስ ይችላል። የክፍል ጓደኛዬ ላይ የደረሰው ይኼ ነው። ሲስተሙ ውስጥ ሁለት አካውንት ኖራት። አንዱ ላይ ገንዘቧ፣ ሌላው ላይ ስሟ። ማስተካከል ይቻላል፤ ግን ከድጋፍ ሰጪዎች ጋር ረጅም ቻት ይጠይቃል።

ስማችሁንም በኮሌጁ መዝገብ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉ። «ላስት ኔም» የሚለው ላይ አንዴ የአባት፣ አንዴ የአያት ስም እያስገቡ የሚደበላለቁ ሰዎች አሉ። ኢሜይሉም አንድ ይሁን። በቃ።

ሰዓት። ይኼ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

የቤት ሥራ ማስረከቢያው ብዙ ጊዜ እሑድ ሌሊት በእነሱ 11 ሰዓት ከ59 ላይ ነው። ኮሌጁ በምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል ከሆነ፣ በበጋቸው የሰባት ሰዓት ልዩነት አለን። ስለዚህ ማስረከቢያው እዚህ ሰኞ ጧት 12 ሰዓት ከ59 ይሆናል። ለእኔ ይኼ በረከት ነው። ሰኞ ከንጋቱ 10 ሰዓት ተነስቼ፣ ኔቱ ገና ሳይጨናነቅ፣ ቡናዬን አጠገቤ አድርጌ የቀረኝን እጨርሳለሁ። ከዚያ ወደ ሥራ።

ነገር ግን ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀይራሉ። በኅዳር ዋዜማ፣ በእኛ ከጥቅምት 22 እስከ 28 ባለው ጊዜ ውስጥ በሚውለው እሑድ፣ ልዩነታችን ስምንት ሰዓት ይሆናል። ማስረከቢያው ወደ ጧቱ 1 ሰዓት ከ59 ይገፋል። ያኛው ችግር የለውም፤ አንድ ሰዓት ታተርፋላችሁ። የሚያስቸግረው የመጋቢቱ ነው። የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት መጀመሪያ ላይ አንድ እሑድ ወደ ሰባት ሰዓት ይመለሳሉ። የእነሱን ክረምት ሙሉ የለመዳችሁት 1 ሰዓት ከ59 በአንድ ሌሊት ወደ 12 ሰዓት ከ59 ይመለሳል። ያን ሰኞ ብዙ የውጭ ተማሪ ይቀጣል። ስልካችሁ ላይ የኒውዮርክን ሰዓት ከአዲስ አበባው ጎን አስቀምጡት። ካንቫስ ላይ የሰዓት ቀጠናችሁን ወደ እኛ መቀየር ትችላላችሁ፤ የአሳታሚው ገጽ ግን ኮርሱ በተከፈተበት ሰዓት ሊያሳያችሁ ይችላል። አንዱ የቤት ሥራ ሁለት ቦታ ላይ ሁለት የተለያየ ሰዓት ተጽፎበት ብታዩ አትደናገጡ። ቀደም ያለውን ያዙ።

ወደ ትምህርቱ እንግባ። ሲስተሙ ራሱ ያርማል ብያለሁ። ማረሙ ጥሩ ነው። ወዲያው ትክክል ወይም ስህተት ይላችኋል። ሆኖም እንደ ሰው አያርምም። የሂሳብ መምህር ስሌታችሁን አይቶ «አካሄድሽ ልክ ነው፣ መጨረሻ ላይ ሳትሽ» ይላል። ሲስተሙ የሚያየው ሳጥኑ ውስጥ የጻፋችሁትን ቁጥር ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የኢንቬንተሪ (የዕቃ ክምችት) ምዕራፍ ላይ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል። አንድ ሱቅ 200 ዕቃ በ10 ዶላር ገዛ። ቀጥሎ 100 ዕቃ በ11 ዶላር ገዛ። ከዚያ 180 ሸጠ። በአማካይ ዋጋ ዘዴ የተሸጠው ዕቃ ወጪ ስንት ነው? ጠቅላላው 3,100 ዶላር ነው። ለ300 ሲካፈል አንዱ 10.3333 እያለ ይቀጥላል። በካልኩሌተር ሳታቋርጡ በ180 ብታበዙት 1,860 ይመጣል። አሥር ዶላር ከሠላሳ ሦስት ሳንቲም ብላችሁ ከቆረጣችሁት በኋላ፣ ማለትም 10.33 አድርጋችሁ ብታበዙት፣ 1,859.40 ይሆናል። ሁለቱም እንደ አካሄድ ትክክል ናቸው። ሲስተሙ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው። የትኛውን እንደሚቀበል በጥያቄው መጨረሻ በቅንፍ ተጽፏል። የነጠላ ዋጋውን ወደ ሳንቲም አጠጋጉ ይላል፣ ወይም በመሃል አታጠጋጉ፣ የመጨረሻውን መልስ ወደ ሙሉ ዶላር አጠጋጉ ይላል። ያቺ ቅንፍ ናት ነጥባችሁን የምትይዘው። እኔ አሁን አንድ ጥያቄ ስከፍት መጀመሪያ የማነበው ቅንፏን ነው። ቀጥሎ ነው ጥያቄውን የማነበው።

ሌላም ጥቃቅን ነገር አለ። ጆርናል (የሂሳብ ምዝገባ) ስታስገቡ የሂሳቡን ስም እንደፈለጋችሁ አትጽፉም፤ ከዝርዝር ትመርጣላችሁ። ዴቢቱ (በግራ በኩል የሚመዘገበው) ሁሌ ቀድሞ ይግባ። መቀነስ ያለበት ቁጥር በመቀነስ ምልክት ይጻፍ ወይስ በቅንፍ የሚለውም ተጽፎ ይገኛል። ይኼን በስልክ ለመሥራት አትሞክሩ። ማንበብ ይቻላል፤ የጆርናል ሠንጠረዡ ግን በስልክ ላይ ይጠባል፣ ጣታችሁ ሌላ መስመር ይነካል። ላፕቶፕ የሌላችሁ ከዘመድ ተዋሱ፣ ካልሆነም የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተር ከሥራ ሰዓት ውጭ ለምኑ።

ማይላብ ላይ የሚያግዙ ሁለት ቁልፎች አሉ። አንዱ ጥያቄውን ደረጃ በደረጃ አብሯችሁ ይሠራል። «ሄልፕ ሚ ሶልቭ ዚስ» የሚለው ነው። ሌላው ተመሳሳይ ጥያቄ ተሠርቶ ያሳያችኋል። መምህሩ ከፈቀደላችሁ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ በሌላ ቁጥር እንደገና መሥራት ትችላላችሁ። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ክፍያ ዋጋ ያለው ይኼ ነው። በቁጥር የተቀየረ ጥያቄ እስኪገባኝ ድረስ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ሳይሰለች ደጋግሞ የሚያወጣልኝ አስተማሪ ሌላ የት አገኛለሁ? ከቤት ሥራ ውጭ ያሉት ኩዊዝና ፈተና ግን እንደዚህ አይደሉም። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዕድል ብቻ ነው፣ ረዳት ቁልፎቹም ይዘጋሉ።

ኮኔክት ላይ ደግሞ ስማርትቡክ የሚባል አለ። ጥያቄ ይጠይቃችኋል። መልሱን መርጣችሁ ስትልኩ ምን ያህል እርግጠኛ ናችሁ ብሎም ይጠይቃል፤ ከፍተኛ፣ መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ። የሳታችሁትን በሌላ መልክ መልሶ ያመጣዋል። ደጋግማችሁ ከሳታችሁ ወደ መጽሐፉ አንቀጽ ይመልሳችኋል። ውጤቱ የሚሰጠው በጨረሳችሁት መጠን እንጂ በሳታችሁት ቁጥር አይደለም። ስለዚህ መሳሳት አያስፈራም።

መሥሪያ ቤት አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት አለ፤ እሱም በቅርቡ ተመዝግቧል። ስማርትቡኩ አሰልቺ ሆኖበት ነበር።

«እትዬ፣ ይኼ ነገር አያልቅም እኮ! ሳልጨርሰው ይነጋል።»

«እያነበብክ ነው የምትሠራው?»

«የለም፣ እየገመትኩ።»

እየገመታችሁ ስትሄዱ ይረዝማል። ብዙ በሳታችሁ ቁጥር ብዙ ይጨምራል። መጀመሪያ ምዕራፉን በፈጣን ዓይን አንብቡ፣ ከዚያ ጀምሩ። ጊዜው በግማሽ ያህል ያጥራል። አንዳንዱ ደግሞ ጥያቄውን ፎቶ አንስቶ ለቻትጂፒቲ ይሰጣል። የቤት ሥራው ያልፋል። ፈተናው ካሜራ ፊት ሲሆን ግን ቻትጂፒቲ አይመጣም። ከዚህ በላይ አልመክርም፤ ሁሉም አዋቂ ነው።

መብራትና ኔት። ከጎንደር ሆኖ ስለዚህ ዝም ማለት አይቻልም። በ2015 ክረምት በክልላችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ያን ጊዜ የሚማር ሰው ምን እንደሚያደርግ እንኳን እኔ፣ ኮሌጆቹም መልስ አልነበራቸውም። ከዚያ ያነሰው የየዕለቱ መቆራረጥ ግን መላ አለው።

አንደኛ፣ መጽሐፉን በስልክ አውርዱት። አሳታሚዎቹ የስልክ መተግበሪያ አላቸው። ዋይፋይ ባለበት ቦታ ምዕራፉን ካወረዳችሁ ያለ ኔት ማንበብ ይቻላል። የማግሮው ሂሉ ላይ ስማርትቡኩንም ያለ ኔት ሠርቶ ኔት ሲገኝ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። ለእኔ አዘዞ ታክሲ ስጠብቅ የማነበው ሁሉ እንደዚህ የወረደ ነው። ሳምንቱ ሲጀምር የሳምንቱን ምዕራፍ ማውረድ ልማድ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የቤት ሥራ ላይ እያንዳንዱን ጥያቄ ስትጨርሱ መቀመጡን አረጋግጡ። መብራት ቢጠፋ የሚጠፋው የመጨረሻው ጥያቄ ብቻ ይሆናል። በጊዜ የተገደበ ፈተና ላይ ግን ሰዓቱ የሚቆጥረው በእነሱ ሰርቨር ነው። ላፕቶፓችሁ ቢዘጋም ይቆጥራል። ስለዚህ ፈተና የምትጀምሩት ባትሪው ሞልቶ፣ ዋይፋዩ ቢሄድ የስልክ ሆትስፖት ተዘጋጅቶ፣ በስልኩ ላይ በቂ ዳታ ተገዝቶ መሆን አለበት። የዋይፋዩን ራውተር በትንሽ ዩፒኤስ ወይም በፓወር ባንክ የሚያስነሱም አሉ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ኔቱም አይሄድም። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ እፎይታ ነው።

የፈተናው ነገር ከተነሳ ሎክዳውን ብራውዘር የሚባል አለ። ፈተናው እስኪያልቅ ሌላ ገጽ እንዳትከፍቱ ኮምፒውተሩን ይቆልፋል። በካሜራና በማይክሮፎን የሚከታተልም አለ። ከዋናው ፈተና በፊት ውጤት የሌለው የሙከራ ፈተና ካለ በግድ ሞክሩት። ከሌለ መምህሩ እንዲከፍትላችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ይከፍታሉ።

ማይክሮፎኑ ላይ አንድ የጎንደር ታሪክ አለኝ። ጸጥታና ጥሩ ኔት የማገኘው ንጋት ላይ ስለሆነ ፈተናዬን እሑድ ጎህ ሲቀድ ጀመርኩ። አርባ አራቱ ታቦታት ባሉበት ከተማ እሑድ ንጋት ጸጥታ የለም። የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ ቤቴ ድረስ ይሰማል። ሲስተሙ «የሰው ድምፅ ተሰምቷል» ብሎ ምልክት አድርጎብኛል። መምህሯ ጻፈችልኝ፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ነበረ ወይ ብላ። ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ነገርኳት፣ ቅጂውን መልሳ አዳመጠች፣ ጉዳዩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሴሚስተር ሲጀምር በአንድ ኢሜይል ሁሉንም አስቀድሜ እነግራታለሁ። የምኖረው ኢትዮጵያ ነው፣ የሰዓት ልዩነታችን ይኼን ያህል ነው፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ንጋት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ድምፅ ይሰማል። አራት መስመር ነው። መምህራኑ ይኼን ቀድመው ሲያውቁ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ከመሸ በኋላ የመጣ ምክንያት ግን እንደ ሰበብ ይታያል።

ሲስተሙ ራሱ ሲበላሽ ደግሞ ለመምህሩ ብቻ አትጻፉ። አብዛኞቹ መምህራን በአሳታሚው ገጽ ውስጥ የሚያስተካክሉት ነገር ትንሽ ነው። ወደ አሳታሚው የድጋፍ ቻት ግቡና ችግሩን ተናገሩ። መጨረሻ ላይ የጉዳይ ቁጥር ይሰጧችኋል። ቁጥሩን ኮፒ አድርጉ፣ የተበላሸውን ገጽ ስክሪንሾት አንሱ፣ ሁለቱንም ለመምህሩ ላኩ። አንድ ሴሚስተር ላይ ከአሳታሚዎቹ የአንዱ ሲስተም ማስረከቢያው ሰዓት ላይ ጭራሽ አልከፈት ብሎኝ ነበር። የጉዳይ ቁጥሩን ስልክ ሳላነሳ በኢሜይል ላክሁ፤ ያለ ክርክር ሁለት ቀን ተራዘመልኝ። ቻቱን ከመክፈታችሁ በፊት ግን ቀላሉን ሞክሩ። ብራውዘሩን በሌላ ቀይሩ፣ ፖፕአፕ የሚከለክለውን አጥፉ፣ ቪፒኤን ካለ ዝጉ። ግማሹ ችግር እዚያ ላይ ያልቃል።

አካውንቲንግ ለምትማሩ ሰዎች የምጨምረው አንድ ነገር አለ። መጽሐፎቹ የተጻፉት ለአሜሪካ ሕግ ነው። ከላይ ያነሳሁትን የኢንቬንተሪ ጥያቄ በላይፎ ሥሩ ይሏችኋል፤ በመጨረሻ የገባው ቀድሞ ይወጣል የሚለው ዘዴ ነው። መልሱ 1,900 ይሆናል፤ በፋይፎ፣ መጀመሪያ የገባው ቀድሞ ይወጣል በሚለው፣ ደግሞ 1,800። የአሜሪካው ደንብ ላይፎን ይፈቅዳል። እኛ የምንከተለው አይኤፍአርኤስ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ ግን አይፈቅድም። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 847/2006 አይኤፍአርኤስን ከተቀበለች ወዲህ፣ ላይፎን የቤት ሥራ ላይ ብትሠሩት እንጂ መሥሪያ ቤታችሁ ላይ አትጠቀሙበትም። እኔ በደብተሬ ሁለት ዓምድ አለኝ። በአንዱ ፈተናው የሚፈልገውን፣ በሌላው ለሥራዬ የሚጠቅመኝን እጽፋለሁ። የሽያጭ ታክሱም እንዲሁ ነው። እነሱ እንደየግዛቱ የሚለያይ ታክስ አላቸው፤ እኛ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ። ሳትለዩ ከያዛችሁት ሥራ ላይ ግራ ያጋባል።

ገንዘቡ በጭራሽ ካልሞላስ? መጽሐፉን ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት መላ አለው። ሂዩስተን ያለው ራይስ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ኦፕንስታክስ ነፃ የኮሌጅ መጽሐፍ ያቀርባል። አካውንቲንግም አለው፣ በሁለት ቅጽ። ፒዲኤፉን አንዴ ማውረድ ነው፤ ከዚያ ኔት አይጠይቅም፣ ጊዜው አያልፍም። እኔ የአሳታሚው መጽሐፍ ሳይገባኝ ሲቀር ያንኑ ርዕስ እዚያ አነበዋለሁ፤ አንዳንዴ የተሻለ ያስረዳል። የቤት ሥራውን ግን አይተካም። መምህሩ ውጤት የሚሰጠው በአሳታሚው ሲስተም ከሆነ፣ ኮዱን ሳይገዙ ኮርሱን ማለፍ አይቻልም። ስለዚህ ስትመዘገቡ ሁለት ክፍል ካለ፣ አንዱ በነፃ መጽሐፍ ሌላው በክፍያ የሚያስተምር ከሆነ፣ የነፃውን ምረጡ። የኮሌጆቹ የኮርስ ዝርዝር ላይ የመጽሐፍ ወጪ የሌለባቸውን ክፍሎች በምልክት የሚለዩ አሉ።

የመጨረሻው ሳምንት ላይ ከፈተናው ሩጫ ጋር የሚረሳ ነገር አለ። መግቢያው የተከራያችሁት እንጂ የገዛችሁት አይደለም። ቀኑ ሲሞላ መጽሐፉም፣ ያሰመራችሁበትም፣ ማስታወሻችሁም፣ የሠራችሁት ቤት ሥራም ይዘጋል። ቀጣዩ ኮርስ የዚህን ምዕራፎች ማስታወስ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ከመዘጋቱ በፊት ማስታወሻችሁን ወደ ራሳችሁ ፋይል ገልብጡ፤ የታረሙ መልሶቻችሁንም ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አንዳንዱ ኮድ ለሁለት ሴሚስተር የሚያገለግል ነው። አካውንቲንግ አንድንና ሁለትን በአንድ መጽሐፍ የሚያስተምሩ ኮሌጆች ብዙ ጊዜ እንደዚያ ያደርጋሉ። የእናንተ እንደዚያ መሆኑን ለማወቅ፣ ለአክስታችሁ ልጅ እንደገና ኮድ ግዢልኝ ብላችሁ ከመደወላችሁ በፊት አካውንታችሁ ውስጥ የሚያበቃበትን ቀን እዩ።